ሦስተኛው ፕሮግራምና ለጆሮ የተጻፈ ተውኔት

የእንግሊዝ የሬዲዮ ድርጅት ቢቢሲ፣ ዳቦ እንኳ በራሽን በሚታደልበት በዚያ የጦርነት ማግሥት ዘመን፣ ሴፕቴምበር 29 ቀን 1946 እ.ኤ.አ.፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ለንግግር፣ ለተውኔትና ለክላሲካል ሙዚቃ የሚውል ማሠራጫ ከፍቶ «ሦስተኛው ፕሮግራም» ብሎ ሰየመው። በመክፈቻው ምሽት መጀመሪያ የተሰማው ስቲፈን ፖተርና ጆይስ ግሬንፌል ሬዲዮ እንዴት እንደሚደመጥ በቀልድ ያስተማሩበት ዝግጅት ሲሆን፣ የባኽ «ጎልድበርግ ቫሪዬሽንስ» በሃርፕሲኮርድ ተከተለው፤ ቅደም ተከተሉም ድግሱ ከመቅረቡ በፊት እንግዳውን እጅ እንደ ማስታጠብ ያለ ጨዋነት ነበር።

ስለ ንግግሩ ብዙ አልልም። ኢየሱሳዊው ካህን ኮፕልስተንና ፈላስፋው በርትራንድ ረስል በ1948 ስለ ሀልዎተ እግዚአብሔር የተከራከሩት፣ የከዋክብት ሊቁ ፍሬድ ሆይልም በ1949 ራሱ የማይቀበለውን ትምህርት «ቢግ ባንግ» ብሎ የጠራው በዚሁ ሞገድ ነው። ሙዚቃውም በሰዓት እጥረት ሳይቆራረጥ ይሰማ ነበር፤ ይህ ዛሬ ብርቅ ነው።

እኔን የሚያስቆጨኝ ግን፣ የሬዲዮ ተውኔት ማለት ዓይኑ የጠፋ የመድረክ ተውኔት ነው የሚሉ ሰዎች ንግግር ነው። በ1954 ሪቻርድ በርተን የተረከው የዲላን ቶማስ «አንደር ሚልክ ውድ» መልስ ካልሆናቸው፣ ሳሙኤል ቤኬት ለዚሁ ፕሮግራም የጻፈውና ጃንዩዋሪ 13 ቀን 1957 የተላለፈው «ኦል ዛት ፎል» ይመስክርባቸው። ያረጀችና ሰውነቷ የከበዳት ሚስስ ሩኒ ዓይነ ስውር ባሏን ከባቡር ጣቢያ ለመቀበል በገጠር መንገድ እየተጎተተች ትሄዳለች፤ ያገኟት ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ እርሷ ጥቂት ዝም ካለች ግን ለአድማጩ ከዓለም የጠፋች ያህል ትሆናለች፤ በመድረክ ዝም ያለ ተዋናይ በአካል ቆሞ ሲታይ፣ በሬዲዮ ድምፁ የተቋረጠ ሁሉ ህልውናው አብሮ ይቋረጣልና። ቤኬትም ይህን ጉድለት የሚመስል ነገር ወደ ምሥጢር ለውጦ፣ ሴትዮዋ ራሷ ስለ አለመኖሯ እንድታማርር አደረገ።

አዘጋጁ ዶናልድ ማክዊኒ ደግሞ በመጀመሪያ የሚሰሙትን በግ፣ ወፍ፣ ላምና አውራ ዶሮ ከበረት አስቀርጾ ማስገባት ሲችል፣ ሰዎች በአፋቸው እንዲያስመስሏቸው አደረገ። ደራሲው በዚህ ባይደሰትም እኔ ከአዘጋጁ ጋር ነኝ፤ እውነተኛ ላም ላምነቷን ብቻ ስትነግረን፣ በሰው አፍ የጮኸችው ላም መንገዱ ሁሉ የሚያልፈው በሴትዮዋ ልቡና ውስጥ መሆኑን ታሳውቀናለችና። በ1958 «ራዲዮፎኒክ ዎርክሾፕ» የተባለው የድምፅ ክፍል የተቋቋመውም እንዲህ ያለው ሙከራ በቀሰቀሰው ፍላጎት ነው። የወጋየሁ ንጋቱን የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ትረካ የሰማ የአገሬ ሰው፣ አንድ ድምፅ ብቻውን መንደር ሊያቆም መቻሉን ለመረዳት አይቸገርም።

ታዲያ ይህን ሥራ ሽንኩርት እየከተፉ የሚሰሙትን ምን እንበላቸው? አንድ ወዳጄ ቅጂውን አብረን እንስማ ብሎ ቤቱ ከጠራኝ በኋላ፣ መጀመሪያውን ሁሉ ስለ ቤት ኪራይ ሲያወራ ቆይቶ፣ ባልየው ከባቡሩ ሲወርድ «ይኼ ደግሞ ማነው?» አለኝ። ዓይን ያመለጠውን ዘወር ብሎ ያነሣ ይሆናል፤ ጆሮ ግን እንዲህ ያለ ዕድል የለውም።

ድርጅቱ በዚያው በ1957 የፕሮግራሙን ሰዓት ሲቀንስ ገጣሚው ቲ. ኤስ. ኤልየት፣ የሙዚቃ ደራሲው ቮን ዊልያምስና ተዋናዩ ሎረንስ ኦሊቪየር ተቃወሙ፤ ስሙም ጭራሹን በ1970 ቀረ። ይኸው ኦሊቪየር ግን በኋላ «ኦል ዛት ፎል»ን በመድረክ ለማሳየት ፈልጎ ቤኬትን ቢለምነው፣ ቤኬት እንቢ አለው።