ከደጋ ወደ ውቅያኖስ ዳርቻ፦ ለመጀመሪያው የዛንዚባር ዕረፍት የአየር፣ የፀሐይና የጨረቃ ስሌት

ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገሩ ውጭ ለዕረፍት የሚወጣ ሰው ዕቅዱን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከአውሮፕላን ትኬትና ከሆቴል ዋጋ ሲሆን፣ የሚሄድበትን ቦታ ተፈጥሮ የሚያስበው ግን ሻንጣውን በሚያሰናዳበት ምሽት፣ ያውም የፀሐይ መነጽር መያዝ አለመያዙን ለማረጋገጥ ያህል ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ዛንዚባር ለሚጓዝ ሰው ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ ይኖርበታል። ተጓዡ እንደሚገምተው በዚያ የሚጠብቀው ዋናው እንግዳ ነገር ፀሐይ አይደለችም፤ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ከብርቱ ፀሐይ ጋር የኖረ ነው። ለደገኛው አዲስ የሚሆኑበት የአየሩ ግፊት፣ የአየሩ እርጥበትና በጨረቃ የሚታዘዘው የባሕር መውጣትና መውረድ ናቸው።

ዛንዚባር በታንዛኒያ ጠረፍ ትይዩ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የሚገኝ የደሴቶች ስብስብ ሲሆን፣ ከእነዚህ መካከል ትልቁና ጎብኚ የሚበዛበት ኡንጉጃ፣ ሁለተኛው ደግሞ ፔምባ ይባላል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ፣ ዛንዚባር ደግሞ በስተደቡብ 6 ዲግሪ ገደማ ርቀው ስለሚገኙ ሁለቱም የሐሩር ክልል ልጆች ናቸው። የሚለያያቸው ከፍታ ነው፤ አንዱ የተራራ ሰገነት ላይ፣ ሌላው በውሃው ልክ ተቀምጠዋል።

የዝናቡ ቀበቶ የት እንዳለ ማወቅ

በምድር ወገብ ዙሪያ ከሰሜንና ከደቡብ የሚነፍሱ ነፋሶች የሚገናኙበት፣ በሥነ አየር ንብረት የሐሩር ነፋሳት መገናኛ ቀጠና የሚባል የደመናና የዝናብ ቀበቶ አለ። ይህ ቀበቶ ፀሐይን እየተከተለ በዓመቱ ውስጥ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይመላለሳል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ወደ ሰሜን ሲያቀና በዛንዚባር ላይ ያልፍና የደሴቱ ሰዎች ማሲካ የሚሉትን ረጅሙን ዝናብ ያወርዳል፤ ቀጥሎ ኢትዮጵያ ደርሶ ክረምቱን ያስገባል፤ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ወደ ደቡብ ሲመለስ ደግሞ ቩሊ የሚባለውን አጭሩን ዝናብ ለደሴቶቹ ጥሎ ያልፋል።

ከዚህ የሚገኘው ተግባራዊ ትምህርት ቀላል ነው። አዲስ አበባ በሐምሌና በነሐሴ በዝናብና በጭጋግ ስትዋጥ ዛንዚባር ደረቅ፣ ነፋሻና በአንጻሩ ቀዝቀዝ ያለ ወቅቷ ላይ ትገኛለች፤ ይህም ተማሪዎች ትምህርት ከሚዘጉበት ጊዜ ጋር ስለሚገጥም ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች የተመቸ ነው። ጉዳቱ የአውሮፓ ጎብኚዎችም የሚመጡት በዚሁ ሰሞን በመሆኑ የመኝታ ዋጋ መወደዱ ነው። ሁለተኛው ደረቅ ወቅት ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ የካቲት ያለው ሲሆን፣ በእነዚህ ወራት የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያልፋል። በማሲካ ወቅት ዋጋ ይረክሳል፤ ይሁን እንጂ አንዳንድ ሆቴሎች በዚያን ጊዜ ጨርሰው ይዘጋሉ።

አንድ የውሃ ፕላስቲክ የሚናገረው

የአየር ግፊት ማለት ከላይ የተከመረው አየር በክብደቱ በታች ያለውን የሚጫንበት ኃይል ነው። ከፍታ ሲጨምር ከላይ የሚቀረው አየር ስለሚቀንስ በአዲስ አበባ ያለው ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። በፋብሪካ የታሸገ የድንች ጥብስ ከረጢት በአዲስ አበባ ሱቆች እንደ ኳስ ተነፍቶ የሚታየው ዝቅ ባለ ቦታ የታሸገ ሲሆን ነው። ተጓዡ የዚህን ተቃራኒ በገዛ እጁ ሊያይ ይችላል። ባዶ የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ቦሌ ላይ በደንብ ከድኖ በቦርሳው ቢይዝና ዛንዚባር ሲያርፍ ቢያወጣው ጎድጉዶና ተጨማዶ ያገኘዋል፤ ቦሌ ላይ 500 ሚሊ ሊትር ቦታ ይዞ የነበረው አየር በባሕር ጠለል ግፊት ተጨምቆ ወደ 380 ሚሊ ሊትር ገደማ ይወርዳልና።

በጆሮ ውስጥ የሚሆነውም ከዚህ አይለይም። የመካከለኛው ጆሮ ክፍል አየር የያዘ ትንሽ ጓዳ ሲሆን፣ ከውጭ አየር ጋር የሚመጣጠነው ጆሮን ከጉሮሮ ጋር በሚያገናኝ ቀጭን ቱቦ አማካይነት ነው። በበረራ ላይ የአውሮፕላኑ ውስጥ አየር ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ግፊት ጋር እንዲመሳሰል ስለሚደረግ፣ ከቦሌ የሚነሣ መንገደኛ አውሮፕላኑ ሲወጣ እምብዛም ለውጥ አይሰማውም፤ በአየር ላይም ሳለ ከተማውን አልለቀቀም ማለት ይቻላል። ፈተናው የሚመጣው ከማረፉ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ ግፊቱ በሚጨምርበት ጊዜ ነው። በዚህን ጊዜ ምራቅ መዋጥ፣ ማዛጋትና ማስቲካ ማኘክ ቱቦውን ይከፍቱታል፤ ሕፃናትን ጡት ማጥባት ወይም ጡጦ መስጠትም ይህንኑ ያደርጋል። ከባድ ጉንፋን የያዘው ሰው ቱቦው አብጦ ስለሚደፈን ብርቱ ሕመም ሊሰማው ይችላልና ከመብረሩ በፊት ሐኪም ቢያማክር ይመረጣል።

የማይሰማው ጨረር

ከፀሐይ የሚመጣው አልትራ ቫዮሌት የተባለው ጨረር በዓይን የማይታይ፣ በቆዳም የማይሰማ ነው፤ ሰው "ፀሐዩ ከበደ" የሚለው ሙቀቱን እንጂ ይህን ጨረር አይደለም። ጨረሩ በከፍታ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ፀሐይ በሰማይ ላይ በእኩል ቦታ ሆና ሰማዩም እኩል ከጠራ የአዲስ አበባው ከዛንዚባሩ ይበረታል። ታዲያ ደገኛው በባሕር ዳርቻ የሚጎዳው በምን ምክንያት ነው? መልሱ ያለው በአለባበስና በሰዓት ብዛት ላይ ነው። በከተማው በኮት፣ በነጠላና በጃንጥላ የሚሸፈነው ሰውነት በዳርቻው ለሰዓታት ተራቁቶ ይውላል፤ የባሕሩ ነፋስ ሙቀቱን ስለሚያስታግሥ ጉዳቱ ሳይታወቅ ያልፋል፤ ነጭ አሸዋም ከሚያርፍበት ጨረር እስከ 15 በመቶ የሚሆነውን ወደ ላይ ስለሚያንጸባርቅ ጥላ ሥር መቀመጥ ብቻውን አይበቃም።

ለቆዳ ጥቁረት የሚሰጠው ሜላኒን የተባለ ቀለም የተወሰነ መከላከያ ቢሆንም ሙሉ ጋሻ አይደለም፤ ጠይም ቆዳም ይቃጠላል፣ ዓይንም በጨረሩ ይጎዳል። በፀሐይ መከላከያ ቅባት ላይ ኤስ ፒ ኤፍ ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ቅባቱ የሚያቃጥለውን ጨረር በስንት እጅ እንደሚቀንስ የሚያመለክት ሲሆን፣ 30 የተባለው 97 በመቶ ገደማ፣ 50 የተባለው ደግሞ 98 በመቶ ገደማ ይከላከላል። ስለዚህ ከፍ ያለ ቁጥር ከመፈለግ ይልቅ ቅባቱን በብዛት መቀባት፣ በየሁለት ሰዓቱና ከዋና በኋላ መድገም ይበልጥ ይጠቅማል። ጊዜውን ለመምረጥ ደግሞ ጥላን ማየት በቂ ነው፤ የሰው ጥላ ከቁመቱ ሲያጥር ጨረሩ በርትቷልና መከለያ መፈለግ ይገባል።

ላብ የማይተንበት አገር

የሰው ሰውነት ራሱን የሚያቀዘቅዘው በላብ ነው፤ ነገር ግን ላብ የሚያቀዘቅዘው ሲተን እንጂ ሲንጠባጠብ አይደለም። በደረቁ የደጋ አየር ላብ ወዲያው ስለሚተን ሰውየው ማላቡን እንኳ ላያውቅ ይችላል፤ በውቅያኖስ ዳርቻ ግን አየሩ ቀድሞ በእንፋሎት የተሞላ በመሆኑ ላቡ ሸሚዝ ያርሳል እንጂ ሙቀት ይዞ አይሄድም። በዚህ ላይ የአዲስ አበባ ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ የዛንዚባሩ ከ20 ዲግሪ በላይ ሆኖ ስለሚያድር፣ የለመደው የሌሊት ዕረፍት ለሰውነቱ ይቀርበታል።

ሰውነት ይህን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ በእነዚህ ቀናት የደሙ ፈሳሽ መጠን ይጨምራል፣ ላቡ ቀድሞ መውጣት ይጀምራል፣ ከላቡ ጋር የሚወጣው ጨውም ይቀንሳል። የአብዛኛው ሰው ዕረፍት ከዚህ የሚያጥር በመሆኑ ተጓዡ መልመድ ሳይጨርስ ይመለሳል ማለት ነው። ስለዚህ ረጅም የእግር ጉዞንና አድካሚ ጉብኝትን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አለማድረግ፣ ሥራ ያለበትን ነገር ማለዳ መጨረስ፣ ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ መልበስና ጥም ሳይጠብቁ ውሃ መጠጣት ይመከራል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከተሰማ ጥላ ውስጥ ማረፍና በኦ አር ኤስ የተበጠበጠ ውሃ መጠጣት ይረዳል፤ ሰውነቱ እየነደደ ንግግሩ የሚደነባበርበት ሰው ግን በውሃ እየቀዘቀዘ ሳይዘገይ ወደ ሕክምና ሊወሰድ ይገባል።

ባሕሩን የምታዝዘው ጨረቃ

በጣናም ሆነ በላንጋኖ ያደገ ዋናተኛ ውሃው ጠዋት በተወው ቦታ ማታም እንደሚጠብቀው ያምናል። ውቅያኖስ እንዲህ አይደለም። ጨረቃ በስበቷ በትይዩዋ ያለውን ውሃ ከምድር አብልጣ፣ በተቃራኒው በኩል ያለውን ደግሞ ከምድር አሳንሳ ስለምትስብ፣ ውሃው በሁለት ወገን ያብጣል፤ ምድርም በዚህ መካከል ስትዞር እያንዳንዱ ዳርቻ በቀን ሁለት ጊዜ ሙላት፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ሽሽት ያያል። ጨረቃ ራሷ ስለምትጓዝ ሰዓቱ በየቀኑ በ50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። ፀሐይና ጨረቃ በአንድ መስመር በሚሰለፉበት በሙሉና በአዲስ ጨረቃ ሰሞን ልዩነቱ ይሰፋል፤ በዛንዚባርም በከፍተኛውና በዝቅተኛው ውሃ መካከል ያለው ልዩነት እስከ 4 ሜትር ይደርሳል።

ይህ ልዩነት በጉልህ የሚታየው በኡንጉጃ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በፓጄና በጃምቢያኒ ነው። በዚያ የባሕሩ ወለል ጠፍጣፋ፣ ከፊቱም የኮራል ዐለት የተዘረጋበት በመሆኑ፣ ውሃው ሲሸሽ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ይሄዳል። በዚያን ሰዓት የመንደሩ ሴቶች ወደ ተገለጠው ወለል ወርደው በካስማዎች መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ ያሰሩትን የባሕር አረም ይንከባከባሉ፤ ከዚህ አረም የሚወጣው ንጥረ ነገር ለጥርስ ሳሙናና ለአይስክሬም ማወፈሪያ ይውላል። ለእነርሱ የሥራ ሰዓት የሆነው ሽሽት መዋኘት ለሚፈልገው እንግዳ ባዶ ሜዳ ነው። በሰሜኑ ጫፍ በኑንግዊና በኬንድዋ ግን ወለሉ ቶሎ ስለሚጠልቅ በማንኛውም ሰዓት መዋኘት ይቻላል። ስለዚህ ዋና የሚወድ ሰው ሰሜኑን፣ የባሕሩን ወለል በእግሩ ማየት የሚፈልግ ደግሞ ምሥራቁን ቢመርጥ፣ በዐለቱ መካከል እንደ ጃርት እሾህ የለበሱ ፍጥረታት ስላሉም የውሃ ጫማ ቢይዝ መልካም ነው። በሽሽት ጊዜ በዐለቱ ክፍተቶች የሚወጣው ውሃ ዋናተኛን ይዞ ሊሄድ ስለሚችል የአካባቢውን ሰዎች ሳይጠይቁ ርቆ መሄድ አይገባም። የሙላቱና የሽሽቱ ሰዓት አስቀድሞ ተሰልቶ ስለሚታተም ተጓዡ ገና ከአገሩ ሳይነሣ ሊያየው ይችላል፤ የጨረቃ ዕድሜ በአበቅቴ ሲሰላ ለኖረበት ለባሕረ ሐሳብ አገር ሰው ይህ ሩቅ ነገር አይሆንበትም።

አየር የታመቀበት ሲሊንደር ተሸክሞ ለሚጠልቅ ሰው ደግሞ ደጋው ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በጥልቀት ወደ ሰውነት የሟሟው ናይትሮጅን ግፊት በድንገት ሲቀንስ አረፋ ሆኖ ስለሚጎዳ፣ ከአንድ ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 12፣ ከተደጋገመ ጠለቃ በኋላ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳያልፍ መብረር አይመከርም። የአዲስ አበባ ሰው ከአውሮፕላኑ ሲወርድም ግፊቱ እንደቀነሰ ስለሚቆይ ሙሉ ቀን ቢጠብቅ ይሻለዋል።

ትንኝ፣ ሰነድና ሰዓት

ዛንዚባር ወባን በእጅጉ ብትቀንስም አላጠፋችውም፤ ወባ በማይተላለፍበት ከፍታ ያደገ ሰው ደግሞ በሽታውን የሚያለዝብለት የተለማመደ መከላከያ የለውም። የወባ ትንኝ የምትነድፈው በሌሊት በመሆኑ አጎበርና ረጅም እጅጌ አይናቁም፤ የመከላከያ መድኃኒት የሚያስፈልግ መሆኑን ሐኪም ይወስናል። ለዚህ ከሚታዘዙት አንዱ ዶክሲሳይክሊን ቆዳን ለፀሐይ ስስ ስለሚያደርግ ቅባቱንና ባርኔጣውን የበለጠ አስፈላጊ ያደርጋቸዋል። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ሥጋት ካለባቸው አገሮች ስለምትቆጠር ተጓዡ ቢጫ ካርድ ይጠየቃል፤ ካርዱ የሚጸናው ክትባቱ በተሰጠ በ10ኛው ቀን ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አይተውም። ከዚህ ሌላ ዛንዚባር ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የውጭ ጎብኚዎችን የራሷን የጉዞ መድን እንዲገዙ ታስገድዳለች፤ ታንዛኒያም ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ፌስታል ስላገደች ልብስ በፌስታል ጠቅልሎ መግባት አይፈቀድም። ሕዝቡ በአብዛኛው ሙስሊም በመሆኑ ከዳርቻው ውጭ፣ በተለይ በጥንታዊቱ ስቶን ታውን፣ ትከሻንና ጉልበትን መሸፈን የጨዋነት ወግ ነው።

በአንድ ነገር ደገኛው ከማንኛውም እንግዳ ይልቅ ቤተኛ ነው። ሁለቱ አገሮች በአንድ የሰዓት ክልል ስለሚገኙ እንቅልፍ አይዛባም፤ የስዋሂሊ ተናጋሪም እንደ አማርኛ ተናጋሪ ሰዓቱን ከንጋት ጀምሮ ስለሚቆጥር የአንዱ ጠዋት 1 ሰዓት የሌላውም ጠዋት 1 ሰዓት ነው። በምድር ወገብ አቅራቢያ ቀኑና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል ሊሆኑ ምንም ስለማይቀራቸው ይህ አቆጣጠር ለሁለቱም ተስማምቷቸዋል፤ ትኬትና ሆቴል ብቻ በአውሮፓ ሰዓት ይጻፋሉ።

እንግዲህ የዕቅዱ ቅደም ተከተል በመጀመሪያ ወቅቱን በዝናቡ ቀበቶ፣ ቀጥሎ ዳርቻውንና ሳምንቱን በጨረቃ፣ ከዚያ ክትባቱንና ሰነዱን በቀን መቁጠሪያ መወሰን ሲሆን፣ ትኬቱና ሆቴሉ የሚመጡት ከእነዚህ በኋላ ነው። ከመመለሱም በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት የያዘው ተጓዥ ለሐኪሙ በመጀመሪያ ሊነግረው የሚገባው የት እንደነበረ ነው፤ በደጋ ከተማ የሚሠራ ሐኪም ወባን ቀድሞ ላይጠረጥር ይችላልና።