ሃያዎቹ የቤት ቀናት

ሰውየው የሚኒባስ ሹፌር ነው። ባለቤቱ ሁለተኛውን ዙር ኬሞ ልትወስድ የመጣች ዕለት በአንድ እጁ ፔርሙዝ፣ በሌላው የምሳ ዕቃ አንጠልጥሎ ተከትሏት ገባ። የክፍሉ ነርስ የሴትየዋን ክንድ እያየች «እትዬ፣ ካለፈው ወዲህ እንዴት ሰነበቱ?» ስትል ጠየቀቻት።

«ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ባልየው ጉሮሮውን ጠረገ። ከጃኬቱ ኪስ የነዳጅና የገቢ ሂሳብ የሚጽፍበትን ትንሽ ደብተር አውጥቶ ገለጠ። «ሲስተር፣ ደህናስ አልሰነበተችም» አለና ያነብ ጀመር። «ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት አስመለሳት። ረቡዕ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ብቻ ጠጣች። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ ሆዷ ደረቀ። በስምንተኛው ቀን አፏ ቆሰለ፤ እንጀራው አቃጠላት።»

ሴትየዋ አፍራ ፊቷን አዞረች። ነርሷ ግን እስክሪብቶ አንስታ የሰማችውን ሁሉ ጻፈች፣ ለሐኪሙም ነገረችው። ሐኪሙ የማስመለስ መከላከያውን አጠናከረ፣ ለድርቀቱ ማለስለሻ ጨመረ፣ ለአፏ መጉመጥመጫ አዘዘ። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ቀለለ። ደብተሩ ባይኖር ይህ ሁሉ በ«ደህና ነኝ» ተሸፍኖ ይቀር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነርሷ ለአስታማሚዎች ሁሉ አንድ ሂሳብ ትሠራላቸዋለች። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው፣ የሹፌሩን ሚስትም የያዛት፣ የጡት ካንሰር ነው። ለእሱ ከሚሰጡት የተለመዱ ሕክምናዎች አንዱ ዶክሶሩቢሲንና ሳይክሎፎስፋማይድ የተባሉትን መድኃኒቶች በ21 ቀን አንዴ፣ አራት ዙር መስጠት፣ ከዚያም ፓክሊታክሰል የሚባለውን ማስከተል ነው። ከ21ዱ ቀን አንዱ የሆስፒታል ነው። ሃያው የቤት ነው። ማስመለሱ፣ የአፍ ቁስሉ፣ ትኩሳቱና ድካሙ በአብዛኛው የሚመጡት በእነዚያ ሃያ ቀናት ውስጥ ነው። ያኔ አጠገቧ ሐኪምም ነርስም የለም፤ ያለው ባሏ ነው።

ነርሷ ለሹፌሩ ቁጭ ብላ አስረዳችው። ኬሞ የሚያጠቃው በፍጥነት የሚባዙ ሴሎችን ነው። የካንሰር ሴል እንዲህ ያለ ነው፤ የፀጉር ሥር፣ የአፍና የአንጀት ሽፋን፣ ደም የሚመረትበት የአጥንት መቅኔም እንዲሁ። ፀጉር የሚረግፈው፣ አፍ የሚቆስለው፣ ደም የሚያንሰው በዚህ ነው። ሹፌሩ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ሚስቱ በታመመች ቁጥር በሽታው የጠና መስሎት ሌሊቱን ሲጨነቅ ያድር ኖሯል። ዶክሶሩቢሲን ራሱ ቀይ ስለሆነ ከተሰጠ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ሽንትን ያቀላል፤ አስቀድሞ ያልተነገረው ቤተሰብ ደም መስሎት በሌሊት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሮጣል። ለሁለት ቀን ያህል የመድኃኒቱ ቅሪት በሽንትና በትውከት ስለሚወጣ የሚያጸዳው ሰው ጓንት ያድርግ፣ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ማቀፍም አብሮ መተኛትም ግን አይከለከልም።

ከሁሉ የከበደው የምግቡ ነገር ነበር። ኢትዮጵያዊ ለታመመ ሰው ያለውን ፍቅር የሚያሳየው በማብላት ነው። ባልየው ጉርሻ ጠቅልሎ «በሞቴ፣ ይችን ብቻ!» ይላታል። እሷ ለእሱ ብላ ትውጣለች፣ ወዲያው ታስመልሳለች፣ ከዚያ ሁለቱም ያለቅሳሉ። ነርሷ ይህን ስትሰማ «ጋሼ፣ እባክዎ ‘በሞቴ’ን ለጊዜው ይተዉት» አለችው። «እሷ ስለ ሞት የምታስበው ይበቃታል። ትንሽ አጥሚት አጠገቧ ያስቀምጡና ዝም ይበሉ፤ ሁለት ሰዓት ቆይተው ደግሞ ሌላ ይሞክሩ።»

ይህን መስማት ለሹፌሩ ቀላል አልነበረም። በመጀመሪያው ዙር ዕለት እህቱ ዶሮ ወጥ ሠርታ ይዛ መጥታ ነበር፤ ሚስቱ ከዚያን ቀን ጀምሮ የዶሮ ወጥ ስም ሲነሳ ያጥወለውላታል። የሰው አካል ማቅለሽለሹን በዚያ ቀን ከበላው ምግብ ጋር ያያይዘዋል። ስለዚህ በኬሞው ዕለት የሚሻለው ቀለል ያለ ምግብ ነው፤ የሚወዱትን ለደህና ቀን ማቆየት ይበጃል። የቁሌት ሽታ፣ የሚቆላ ቡናና የዕጣን ጢስም ያስመልሳሉ። ሹፌሩ የሽንኩርቱን ማቁላላት ወደ ውጭ ማዕድ ቤት አዛወረው፣ ቡና ከቤት አስቀረ፣ ምግቡን በረድ አድርጎ ማቅረብ ለመደ፤ የበረደ ምግብ ሽታው አይበረታም። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሳ ደረቅ ቂጣ ቆርሶ ይሰጣታል። በርበሬና ሚጥሚጣ አፏ እስኪድን ቀሩ። አንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጦ በቀን ብዙ ጊዜ ያጉመጠምጣታል። ሆዷን ያደረቀው ደግሞ ማስመለሱን የሚከላከልላት ኦንዳንሴትሮን መሆኑን ሲያውቅ ገረመው፤ ማለስለሻውን ከዚያኛው ክኒን እኩል ማስጀመር እንደሚገባ በደብተሩ ጻፈ።

በመካከሉ ሁዳዴ ገባ። ሴትየዋ ለማንም ሳትናገር ጾሙን ያዘች፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አትቀምስም። ባልየው አልተቆጣትም። የንስሐ አባታቸውን ወደ ቤት ጠራ። ካህኑ በሽተኛ እንደማይገደድ ነግረው፣ ወተትና እንቁላሉንም ፈቅደው፣ ጸሎት አድርገውላት ሄዱ። ነርሷ መቶ ጊዜ ብትመክር የማይሆነው በአንድ ከሰዓት ሆነ።

ነርሷ ስለ ትኩሳት ስትናገር ድምፅዋ ይለወጣል። ከዓመታት በፊት የሆነ አንድ ነገር አይረሳትም። ያኔ ታማሚው ባል፣ አስታማሚዋ ሚስት ነበረች። ኬሞውን በወሰደ በአሥረኛው ቀን ማታ ሰውየው አተኮሰው። ሚስት ፓራሲታሞል ሰጠችው፣ በእርጥብ ጨርቅ አበሰችው፣ ትኩሳቱ በረድ ሲል አመሰገነች። «በሌሊት ጎረቤት ላስቸግር አልፈለግሁም» ብላለች በኋላ። ጠዋት ሆስፒታል ሲደርሱ ሰውየው ራሱን አያውቅም ነበር። ተረፈ፤ ነገር ግን ሳምንታት በአልጋ ላይ አለፉ፣ ኬሞውም ተቋረጠ። ነርሷ ጥፋቱን የምትጥለው በሚስትየዋ ላይ አይደለም። ያን ጊዜ ሲወጡ ምክሩን የሰጠችው ለታማሚው ብቻ ነበር፤ ሚስትየዋ በር ላይ ቆማ ቦርሳ ትጠብቅ ነበር።

አሁን ሁለቱም ሳይቀመጡ አትጀምርም። ከኬሞው በኋላ ከሰባተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ገደማ ነጭ የደም ሴል በጣም ይወርዳል፤ ተራ የሚመስል ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ቴርሞሜትር ይኑር። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካሳየ ንጋት አይጠበቅም። ቀድሞ ፓራሲታሞል መስጠት ትኩሳቱን ይደብቀዋል። ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ የመጀመሪያው ቃል «ኬሞ ላይ ናት» ይሁን፤ ምክንያቱም ፀረ ባክቴሪያው በአንድ ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ሹፌሩ ይህን በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በቀይ ጻፈው። በእነዚያ ቀናት ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ከቤቱ ራቁ። ጠያቂ ሲመጣ እሱ በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ይቀበላል፤ ጉንፋን የያዘውን አመስግኖ ከዚያው ይመልሰዋል። የእድር ሴቶች መጀመሪያ ቅር አላቸው። ኋላ ግን ተራ ገብተው ምግቡን በር ላይ እያደረሱ መሄድ ጀመሩ።

ፀጉሯ በሦስተኛው ሳምንት ትራሱ ላይ ቀረ። ባልየው ከወዳጁ የሰማውን ይዞ «እኔም አብሬሽ ልላጭ» አላት። «ተው!» አለችው። ሴት ራሷን ከተላጨች ሰፈሩ የሚጠይቀው «ማን ሞተባት?» ብሎ ነው፤ ባልም አብሮ ከተላጨ ቤቱ ለቅሶ ቤት ይመስላል። ስለዚህ ሌላ ነገር ጠየቀችው፤ እሱ ራሱ በቤት ውስጥ እንዲላጫት፣ ሰው ሲጠይቅም መልሱን እሱ እንዲሰጥላት። እንዲሁ አደረገ። ስስ የጥጥ ሻሽ ገዛላት፤ ሌሊት የራስ ቅሏን ብርድ ይገባው ነበርና።

ነርሷ ይህን ሁሉ ከባሎች ስትጠብቅ ሁሉም ቤቱ ቅርብ እንዳልሆነ አትዘነጋም። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት በሀገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ቦታ ነበር፤ ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣ ታማሚ ለሳምንታት አዲስ አበባ ማደሪያ መፈለግ ነበረበት። በ1996 ዓ.ም. የተቋቋመው፣ በካንሰር ባረፈ ሕፃን ስም የተሰየመው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ማኅበር ለእንዲህ ያሉ ታማሚዎች መጠለያ ይሰጣል። በኪራይ ክፍል፣ በአንድ ቡታጋዝ ላይ አጥሚት ሲያማስሉ የምታያቸው ባሎች አሉ፤ ማብሰል የተማሩት በዚያው ነው።

ሰዎች ሳይጠይቋት የምታነሳው ጉዳይም አለ። ብዙ ባሎች ሚስታቸውን ላለማሳመም ብለው አልጋ ይለያሉ። ሚስት ደግሞ ጡቷንና ፀጉሯን አይታ «ተጸየፈኝ» ብላ ታስባለች። ሁለቱም አይናገሩም። ነርሷ በሩን ዘግታ በግልጽ ትነግራቸዋለች፤ ካንሰር አይተላለፍም፣ በሕክምናው ወቅት ግን እርግዝና መወገድ አለበት፣ ከኬሞው በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ኮንዶም ያስፈልጋል፣ ድርቀትና ሕመም ካለ መፍትሔ አለው። ከዚህ ንግግር በኋላ እጅ ለእጅ ተያይዘው የወጡ ባልና ሚስት አይታለች።

ወደ ሹፌሩ ደብተር እንመለስ። ስድስተኛው ዙር ላይ፣ ፓክሊታክሰል ከተጀመረ በኋላ፣ ለነርሷ አንዲት አጭር መስመር አነበበላት፤ «በዚህ ሳምንት ስኒ ሁለት ጊዜ ጣለች። የሹራቧን ቁልፍ እኔ ቆለፍኩላት።» ሚስትየዋ «ስኒ መጣል ምን ቁም ነገር አለው?» ብላ ልታቋርጠው ሞከረች። ነርሷ ጣቶቿን ይዛ ጠየቀቻት፤ መደንዘዝ? እንደ መርፌ መውጋት? ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች። ጣቶቿ ከሦስት ሳምንት ጀምሮ የእሷ አይመስሏትም ነበር፤ መድኃኒቱን እንዳያቋርጡባት ፈርታ ደብቃው ነው። ፓክሊታክሰል የእጅና የእግር ነርቭን ይጎዳል፤ በጊዜ ካልተነገረ ጉዳቱ ሳይድን ሊቀር ይችላል። ሐኪሙ መርምሮ መጠኑን ቀነሰው፤ ሕክምናው ግን ቀጠለ። ለባልየው አዲስ ሥራ ተሰጠው፤ ትኩስ ነገር ከእጇ ማራቅ። የደነዘዘ ጣት መቃጠሉን የሚያውቀው ቆዳው ከተላጠ በኋላ ነው።

የዚያን ዕለት ነርሷ አንድ ጥያቄ ለእሱ አስቀረች። «እርስዎስ ጋሼ? የእርስዎ ቀን የትኛው ገጽ ላይ ነው?» ዝም አለ። ሲለካ ግፊቱ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ የደም ግፊት ክኒኑ ካለቀ ሁለት ወር ሆኖት ነበር፤ ገንዘቡ ለእሷ መድኃኒት ይውላል በሚል። ሚስትየዋ ከተኛችበት ቀና ብላ አየችው። ክኒኑ በዚያው ቀን ተገዛ። እህቱ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ እየመጣች ልታድር ተስማማች፣ እሱም በሳምንት ሁለት ሌሊት መተኛት ጀመረ። ደብተሩ ላይ በሚስቱ የእጅ ጽሑፍ፣ በተንቀጠቀጠ ፊደል፣ አዲስ ዓምድ ተከፈተ፤ «የእሱ ክኒን»። ከጎኑ በየቀኑ አንድ ምልክት አለ።

ስምንተኛውና የመጨረሻው ዙር ላይ ሹፌሩ ደብተሩን ለነርሷ ሰጣትና ራሷ እንድታነብ ጠየቃት። ገጾቹን አገላበጠች፤ ትውከት የሚለው ቃል ከአምስተኛው ዙር ወዲህ የለም። ባለፈው እሑድ ሥር ሁለት መስመር ብቻ ተጽፏል።

«ቡና ልቁላ አለች። እሷ ቆላች፣ ጀበናውን እኔ አወረድኩ፤ የቀዳሁትም እኔ ነኝ።»