የሉዎል ዴንግ ደቂቃዎች

በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ በኤንቢኤ፣ አንድ ጨዋታ 48 ደቂቃ ነው። በ2011/12 የውድድር ዘመን (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሉዎል ዴንግ በየጨዋታው በአማካይ ከ39 ደቂቃ በላይ ሜዳ ላይ ይቆይ ነበር። በዚያ ዓመትም ሆነ በቀጣዩ በሊጉ የሚስተካከለው አልነበረም። በ2017/18 ግን ዓመቱን ሙሉ የተሰለፈው በአንድ ጨዋታ ብቻ ሲሆን ደመወዙ 17 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። የቅርጫት ኳስ እንጀራ እንዴት እንደሚበላ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከታላላቆቹ ኮከቦች ይልቅ ይህን ሰው ቢከተል ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ዴንግ በ1985 በዛሬዋ ደቡብ ሱዳን፣ በዋው ከተማ ተወለደ። አባቱ አልዶ ዴንግ በካርቱም መንግሥት ሚኒስትር እስከመሆን የደረሱ የዲንካ ፖለቲከኛ ነበሩ። የእርስ በርስ ጦርነቱ ቤተሰቡን ወደ ግብፅ አሰደደው። እዚያም 2 ሜትር ከ31 የሚረዝመው የአገራቸው ልጅ፣ የኤንቢኤው ማኑቴ ቦል፣ ለሉዎልና ለወንድሞቹ የቅርጫት ኳስን ሀሁ አስቆጠራቸው። ቀጥሎ ብሪታንያ ጥገኝነት ሰጠቻቸውና ደቡብ ለንደን ገቡ። ልጁ እግር ኳስም ይወድ ነበር፤ የአርሴናል ፍቅር የያዘው ያኔ ነው፤ እስካሁንም አልለቀቀውም። የዚህን ጣጣ ለአዲስ አበባ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። በ14 ዓመቱ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በኒው ጀርሲ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ። በ2003 ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርስ የተጫዋች መልማዮች በእድሜ እኩዮቹ መካከል ከእሱ በላይ ያስቀመጡት ሌብሮን ጄምስን ነበር። ሌብሮን በቀጥታ ወደ ኤንቢኤ ሲያመራ ዴንግ በዱክ ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓመት ተጫወተ።

የእግር ኳስ ዝውውር የለመደ ሰው ከዚህ በኋላ ያለው ግር ሊለው ይችላል። ኤንቢኤ ውስጥ ጀማሪ ተጫዋች ክለቡን አይመርጥም፤ ክለቦቹ በየተራ እሱን ይመርጡታል። ይህ ድራፍት ይባላል፤ ባለፈው ዓመት የተዳከሙት ቀድመው የመምረጥ ዕድል ያገኛሉ። በ2004 ፊኒክስ ዴንግን በ7ኛ ተራ መረጠውና ወዲያውኑ ለቺካጎ ቡልስ አሳልፎ ሰጠው። የዝውውር ሒሳብ የሚባል ነገርም የለም። ተጫዋች በተጫዋች፣ ወይም ወደፊት በሚመጣ የድራፍት ተራ ይለወጣል። የክለቦች የደመወዝ ወጪ ጣሪያ ስላለው የሚለዋወጡት ሰዎች ደመወዝ ብዙ ጊዜ መቀራረብ አለበት። በዚህ ስሌት ሰው የሚፈለገው ለጨዋታው ሳይሆን ለውሉ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ዴንግ ቺካጎን ዘጠኝ ዓመት ከመንፈቅ ካገለገለ በኋላ፣ በጥር 2014 በአንድሩ ባይነምና በድራፍት ተራዎች ተለውጦ ወደ ክሊቭላንድ ተላከ። ቡልስ ባይነምን ገና እንደተረከቡ አሰናበቱት። የፈለጉት የወጪ ቅነሳውን ነበርና።

ከዚያ በፊት የነበሩት የቺካጎ ዓመታት ግን የዴንግ እውነተኛ ዘመን ናቸው። በ2010 የመጣው አሰልጣኝ ቶም ቲቦዶ መከላከልን ከሁሉ የሚያስቀድም፣ ያመነበትን ተጫዋች ከሜዳ የማያስወጣ ሰው ነው። የተጋጣሚውን አደገኛ አስቆጣሪ የመያዝ ሥራ በየምሽቱ የዴንግ ነበር። በ2012 እና በ2013 ለኮከቦቹ ጨዋታ፣ ለኦል ስታር፣ ተመረጠ። በ2012 የግራ እጁ አንጓ ጅማት ቢበጠስም ቀዶ ጥገናውን ትቶ በለንደን ኦሎምፒክ ለብሪታንያ ተሰለፈ። በ2013 የጥሎ ማለፉ ሰሞን ደግሞ ማጅራት ገትር ተጠርጥሮ ከአከርካሪው ፈሳሽ ሲወሰድለት ክፉኛ ታመመና የቀሩት ጨዋታዎች አመለጡት። ብዙዎች ቲቦዶን ይወቅሳሉ፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። ነገር ግን ተጫዋቹም ልረፍ አይልም፤ የሚቀጥለው ውል ዋጋ የሚቆረጠው በተጫወተበት ልክ ነውና።

ትልቁ ክፍያ የመጣው ዘግይቶ ነው። በ2016 አዲስ የቴሌቪዥን ስምምነት የደመወዙን ጣሪያ ከ70 ወደ 94 ሚሊዮን ዶላር አስወነጨፈው፤ ክለቦችም ገንዘቡን በትኩሱ በተኑት። የሌከርስ ክለብ ለ31 ዓመቱ ዴንግ የ4 ዓመት፣ 72 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጠ። ጉልበቱ ግን ቺካጎ ቀርቷል። ክለቡ ወጣቶቹን ማሰለፍ ሲጀምር እሱ የዘወትር ልብስ ለብሶ ተመልካች ሆነ። በ2018 ተስማምተው ሲለያዩም የቀረው ክፍያ በየዓመቱ እየተሸነሸነ እስከ 2022 እንዲሰጠው ሆነ። በሚኔሶታ አንድ የመጨረሻ ዓመት ተጫውቶ 902 ጨዋታዎችን ሞላ፤ በ2019ም የቡልስ ልጅ ተብሎ ጡረታ ወጣ።

ወዲያው የደቡብ ሱዳን የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነ። አገሪቱ ነፃ ከወጣች ገና ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ጣሪያ ያለው የቅርጫት ኳስ ሜዳ እንኳ አልነበራትም። ዴንግ የልምምድ፣ የአውሮፕላንና የሆቴል ወጪውን ከኪሱ ይሸፍን ጀመር። በአሜሪካ፣ በካናዳና በአውስትራሊያ ያደጉ የስደተኛ ልጆችን አሰባሰበ፤ ሰው ሲጠፋም ራሱ አሰለጠነ። ኋላ ላይ የአሰልጣኝነቱን ኃላፊነት የቀድሞው የኤንቢኤ ተጫዋች ሮያል አይቪ ተረከበ። በ2023 የዓለም ዋንጫ ተጫዋቾቹ ቻይናን፣ ፊሊፒንስንና አንጎላን አሸንፈው ከአፍሪካ አንደኛ በመሆን የፓሪስ ኦሎምፒክን ቲኬት ቆረጡ። በሐምሌ 2024 ለንደን ላይ በተደረገ የወዳጅነት ጨዋታ አሜሪካን ሊጥሏት ምንም አልቀራቸውም፤ 101 ለ100 ያዳናት በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ያገባው ሌብሮን ጄምስ ነው። በፓሪስ የመጀመሪያ ጨዋታቸው አዘጋጆቹ በስህተት የሱዳንን መዝሙር አሰሙባቸው። እነሱም ፖርቶ ሪኮን 90 ለ79 ረቱ።

የዚያ ቡድን ታናሽ በኡጋንዳ ያደገው የ17 ዓመቱ ካማን ማሉዋች ነበር። ከኦሎምፒኩ በኋላ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ አንድ ዓመት ተጫውቶም በ2025 ድራፍት በ10ኛ ተራ ተመረጠ።