ላፕቶፑ ዲስክ አይቀበልም፤ የትኛውን ድራይቭ እንግዛ?

አል ሻምኻ ከአቡዳቢ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከባኒያስና ከአል ፈላህ ጋር የሚጎራበት፣ ሰፋፊ ቪላዎች የበዙበት የመኖሪያ ሰፈር ነው። በኤምሬቶች እንዲህ ባሉ ቤቶች በቤት ሠራተኝነት፣ በሞግዚትነትና በሾፌርነት የሚያገለግሉ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። የአማርኛ ፊልም ማየት ያማረው ዛሬ ስልኩን ከፍቶ ዩቲዩብ ላይ ያገኛል። የእህት ሠርግ፣ የወንድም ምርቃት፣ የመጀመሪያ ልጅ ክርስትና ግን ዩቲዩብ ላይ የለም። ያለው፣ ድግሱን የቀረጸው ቪዲዮ ቤት በዲስክ ገልብጦ በሰጠው ቅጂ ላይ ነው። ያ ዲስክ በሻንጣ ተጉዞ እዚህ ሲደርስ የሚያጫውተው ይጠፋል፤ አዳዲሶቹ ላፕቶፖች የዲስክ መክተቻ የላቸውምና። አፕል ማክቡክ ኤርን በ2008 ያለ ዲስክ መክተቻ ካወጣ በኋላ ሌሎቹም አምራቾች እየቀጠኑ እየቀጠኑ መክተቻውን ተዉት። የቀረው መፍትሔ በዩኤስቢ የሚሰካ ኤክስተርናል ዲቪዲ ድራይቭ ነው።

ሱቅ ከመሄድ በፊት ያሉትን ዲስኮች አውጥቶ ማየት ይገባል። ከውጭ አንድ ቢመስሉም፣ ስፋታቸውም እኩል 12 ሴንቲሜትር ቢሆንም፣ ውስጣቸው ይለያያል። በአዲስ አበባ የዲጂታል ካሜራ ፊልም በተስፋፋበት ዘመን ፊልሞቹ ሲኒማ ቤት ከታዩ በኋላ ለቤት ተመልካች የሚሸጡት በአብዛኛው በቪሲዲ ነበር። ቪሲዲ ማለት ተራ ሲዲ ላይ የተጫነ ቪዲዮ ነው፤ የሚይዘው ከ74 እስከ 80 ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሆነ አንድ ፊልም «ክፍል አንድ» እና «ክፍል ሁለት» ተብሎ በሁለት ዲስክ ይወጣ ነበር። በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማት ያገኘው የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» 140 ደቂቃ ይረዝማል፤ አንድ ቪሲዲ አይበቃውም። ዲቪዲ ግን በአንድ ንጣፍ 4.7 ጊጋባይት ስለሚይዝ እንዲህ ያለውን ረጅም ፊልም በተሻለ የምስል ጥራት ለብቻው ይሸከማል። ብሉሬይ ደግሞ በአንድ ንጣፍ 25 ጊጋባይት ይይዛል።

ልዩነቱ የሚመጣው ከጨረሩ ነው። ሲዲ የሚነበበው 780 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ባለው ሌዘር፣ ዲቪዲ በ650፣ ብሉሬይ በ405 ነው። ሞገዱ ባጠረ ቁጥር ጨረሩ ይበልጥ ጠባብ ነጥብ ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ መረጃው ተጠጋግቶ ሊጻፍ ይችላል። የዲቪዲ ድራይቭ ብሉሬይን የማያነበው ለዚህ ነው፤ በወፍራም ጣት የደቂቅ ፊደል መስመር ተከትሎ እንደ ማንበብ ይሆንበታል። የዲቪዲ ድራይቭ ግን ሲዲንና ቪሲዲንም ያነባል። ቤት ያሉት ዲስኮች ቪሲዲና ዲቪዲ ከሆኑ፣ ብዙ እጥፍ ለሚወደደው የብሉሬይ ድራይቭ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ሻጩ «ይሄኛው ሁሉንም ያነባል» ቢልም እውነቱ ግማሽ ነው፤ የብሉሬይ ፊልም በላፕቶፕ ለማየት ከድራይቩ ሌላ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈልበት ማጫወቻ ፕሮግራም ይጠይቃል።

ቀጥሎ የሚታየው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው፤ ብዙ ሰው ድራይቩ ተበላሸ ብሎ የሚጥለው እዚህ ላይ ሲሳሳት ነው። ቀጫጭኖቹ ድራይቮች የራሳቸው ቻርጀር የላቸውም፤ ኃይል የሚወስዱት ከላፕቶፑ ነው። የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ በመደበኛው 500 ሚሊአምፔር፣ የዩኤስቢ 3.0 ደግሞ 900 ይሰጣል። ሞተሩ ዲስኩን ማሽከርከር ሲጀምር ከ500 በላይ ሊፈልግ ይችላል። ያንን ካላገኘ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ይነሳል፣ ይቆማል። መድኃኒቱ ወደ ሌላ ቀዳዳ መሰካት ወይም ሁለት ጫፍ ያለውን ገመድ ሁለት ቀዳዳ ላይ ማገናኘት ነው። የራሱ ኃይል በሌለው የዩኤስቢ ማከፋፈያ ላይ ባይሰካ ይመረጣል። «ዩኤስቢ 3.0 ፈጣን ነው» የሚለው ማስታወቂያ ለፊልም ተመልካች ብዙም ትርጉም የለውም፤ ዲቪዲ በመደበኛ ፍጥነቱ በሰከንድ 11 ሜጋቢት ያህል ሲፈልግ ዩኤስቢ 2.0 እስከ 480 ያስተላልፋል። ላፕቶፑ ታይፕ ሲ ቀዳዳ ብቻ ካለው ገመዱ ለታይፕ ሲ የሚሆን ጫፍ እንዳለው ሳያረጋግጡ አይግዙ።

ድራይቩ ዲስኩን የሚቀበልበት መንገድም ይታይ። ዲስኩን በጠባብ ስንጥቅ የሚውጠው ዓይነት ያምራል፤ ለኢትዮጵያ ዲስኮች ግን አልመክረውም። ቪዲዮ ቤቶች የሙሽሮቹን ፎቶ በወረቀት አትመው የሚለጥፉበት ዲስክ በሙቀት ጠርዙ ሲላቀቅ ውስጥ ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። በአንዳንድ የቪዲዮ ካሜራዎች በቀጥታ የተቀረጸው 8 ሴንቲሜትሩ ትንሽ ዲስክም እዚያ አይገባም። ትሪው ወጥቶ ዲስኩን በእጅ የሚያስቀምጡበት ድራይቭ ሁለቱንም ይቀበላል።

አሁን ስለ ሪጅን ኮድ። የፊልም ኩባንያዎች ዲቪዲን ለመሸጥ ዓለምን ሲከፋፍሉ ኤምሬቶችን ሪጅን 2 ውስጥ፣ ኢትዮጵያን ሪጅን 5 ውስጥ አስገቧቸው፤ አሜሪካ ሪጅን 1 ናት። አቡዳቢ የተገዛ የሆሊውድ ፊልምና ዋሽንግተን ያለች እህት የላከችው ፊልም በአንድ ድራይቭ ላይ ላይስማሙ ይችላሉ። ድራይቩ ሪጅኑን አምስት ጊዜ ብቻ ያስቀይራል፤ ከዚያ የመጨረሻው ላይ ተቆልፎ ይቀራል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ «ሪጅን ይቀየር?» ብሎ ሲጠይቅ ዝም ብሎ እሺ ማለት አይገባም። ደግነቱ ቪሲዲ ኮድ የሚባል ነገር የለውም፤ ቪዲዮ ቤት የተገለበጠ የሠርግ ዲቪዲም በተለምዶ ኮድ የለበትም።

ድራይቩ ተሰክቶም ዊንዶውስ 10 እና 11 ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም የዲቪዲ ፊልም አያጫውቱም። በነጻ የሚገኘው ቪኤልሲ ዲቪዲውንም ቪሲዲውንም ይከፍታል። ማክ የራሱ የዲቪዲ ማጫወቻ አለው።

አል ሻምኻ ሆኖ የሙቀትን ነገር ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። በበጋ ጥላ ሥር እንኳ ከ45 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር መኪና ውስጥ የተተወ ዲስክ ሊጣመም ይችላል። ቪዲዮ ቤት የተቀረጸ ዲስክ ደግሞ መረጃውን የሚይዘው በቀለም ንጣፍ ስለሆነ ፀሐይ ያደበዝዘዋል። ሲዲና ቪሲዲ ላይ መረጃው ያለው ከጽሑፉ ገጽ ሥር፣ እጅግ ስስ ከሆነ ሽፋን በታች ነው፤ በእስክሪብቶ የሙሽሮቹን ስም ሲጽፉበት የሚጎዳው ራሱ ቪዲዮው ነው። ዲቪዲ መረጃው በሁለት ፕላስቲኮች መሃል ስለሚገኝ ይህን ይበልጥ ይችላል። አቧራ ሲጠርጉ ደግሞ ከመሃል ወደ ዳር በቀጥታ እንጂ እየዞሩ አይደለም፤ ዙሪያውን ተከትሎ የሚሄድ ጭረትን ለማረም ድራይቩ ይቸገራል።

ስለዚህ ድራይቩ ሥራ በጀመረበት ሳምንት የቤተሰቡን ዲስኮች ወደ ላፕቶፑና ወደ አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ መገልበጥ አጥብቄ የምመክረው ነው። ቪሲዲ ሲከፈት «ኤምፔግ ኤቪ» በሚለው ፎልደር ውስጥ መጨረሻው «ዳት» የሆነ ትልቅ ፋይል ይገኛል፤ ዲቪዲ ላይ «ቪዲዮ ቲኤስ» የሚለውን ፎልደር እንዳለ መውሰድ ነው።

ለመግዛት ሲወጡ ላፕቶፑን፣ አንድ ቪሲዲና አንድ ዲቪዲ ይዘው ይሂዱ፤ ከሁሉም የተጫረው ቢሆን ይሻላል። እዚያው ይሰካና ይከፈት ብለው ይጠይቁ። መጀመሪያውን ብቻ አይተው አይርኩ። ዲስክ ከመሃል ወደ ዳር ስለሚነበብ፣ የፊልሙን መጨረሻ አካባቢ ዘለው ይክፈቱና ጥቂት ደቂቃ ያለ መቆራረጥ መሄዱን ይመልከቱ። ሻጩ ማስሞከር ካልፈለገ ሌላ ሱቅ ይሞክሩ።