የአዋሽ ሳላ እና የሙቀት ሒሳብ

ኮልፌ ቀራንዮን አቋርጦ የሚወርደው ትንሹ አቃቂ፣ አባ ሳሙኤል ላይ ከታላቁ አቃቂ ጋር ተገናኝቶ ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽም ቆቃን አልፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመውን የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በደቡብ በኩል ያዋስናል። በዚያ ኢላላ ሳላ የተባለ ሰፊ የሣር ሜዳ አለ፤ ሳላና የሜዳ ፍየል ይግጡበታል።

ኮልፌ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ፣ ሜዳው ደግሞ 1000 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። የአየር ሙቀት በየ1000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚለዋወጥ፣ የከፍታው ልዩነት ብቻ 9 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይጨምራል። ታዲያ ሳላ በዚህ ቆላ ለቀናት ውሃ ሳይጠጣ እንዴት ይቆያል?

እኛ ሰዎች ሰውነታችን ከ37 ዲግሪ ብዙ እንዳያልፍ ላባችንን እናተናለን። አንድ ሊትር ላብ ሲተን 2400 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል፤ ውሃው ግን አይመለስም። ሳላ ሙቀቱን ቀን በአካሉ አጠራቅሞ ሌሊት ለቀዝቃዛው አየርና ለጠራው ሰማይ ይለቀዋል። ተመራማሪው ሪቻርድ ቴይለር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በምሥራቅ አፍሪካ ባደረጉት ሙከራ፣ ውሃ ያጣ ሳላ እስከ 45 ዲግሪ የሚደርስ የሰውነት ሙቀት እንደሚታገሥ አሳይተዋል።

እስቲ እናስላው። 150 ኪሎግራም የሚመዝን ሳላ ሙቀቱ በ5 ዲግሪ ቢጨምር፣ የአንድ ኪሎግራም አካል ሙቀት በአንድ ዲግሪ እንዲጨምር 3.5 ኪሎጁል ያህል ስለሚያስፈልግ፣ የሚያጠራቅመው 2625 ኪሎጁል ይሆናል። ይህንኑ በላብ ለማስወገድ 1.1 ሊትር ውሃ ባስፈለገው ነበር። በተጨማሪም የደረቀ ሣርና ቅጠል ሌሊት ከአየሩ እርጥበት ስለሚስብ፣ በሌሊት የሚግጥ ሳላ ውሃ ጭምር ይመገባል።

ከዚህ ተነሥቶ «ሳላ ውሃ ስለማይፈልግ የትም ይኖራል» ማለት ግን ትልቅ ስሕተት ነው። ሒሳቡ የሚሠራው ሣር ሲኖርና እንስሳው በቀትር ጥላ ሥር ሲያርፍ ነው። ዛሬ ሜዳውን የግራር ቁጥቋጦ እየወረረው ነው፤ በድርቅ ጊዜም ከብቶች ይገቡበታል። አርብቶ አደሩን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ ከረዩ፣ ኢቱና አፋር ፓርኩ ከመከለሉ በፊትም በዚሁ መሬት ከብቶቻቸውን ያሰማሩ ነበር። ሆኖም የፊዚክስ ሕግ ለማንም አያደላም። ጡንቻ ከሚጠቀምበት ኃይል ሦስት አራተኛው ያህል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ስለዚህ በቀትር የተባረረ ሳላ፣ ለሙሉ ቀን የሚበቃውን የሙቀት ማጠራቀሚያ በደቂቃዎች ውስጥ ሞልቶ፣ የቀረውን ሰዓት በሌለው ውሃ መክፈል ይጀምራል።