የክሎንፈርት በር

ካቴድራል ሲባል የአዲስ አበባዋ ቅድስት ሥላሴ ትዝ የምትለው ሰው ክሎንፈርት ቢደርስ መንገድ የሳተ ይመስለዋል። በምዕራብ አየርላንድ፣ በጎልዌይ አውራጃ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከሻነን ወንዝ ብዙም ሳይርቅ በግጦሽ ሜዳና በረግረግ መካከል የቆመ ትንሽ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከተማ አልከበበውም፤ ገበያም የለውም። ካቴድራል የሚያሰኘው ግን የጳጳስ መንበር እንጂ ስፋት አይደለም፤ ክሎንፈርትም በ1111 ራት ብሬሳል በተባለ ስፍራ የተቀመጠው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ አየርላንድን በአህጉረ ስብከት ሲከፋፍል መንበርነቱን አገኘ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቦታው ከዚያ በፊትም ስም ነበረው። ገዳሙን የተከለው አየርላንዳውያን «መርከበኛው» የሚሉት ብሬንዳን ነው፤ ትውፊቱ 563 ይላል። ከመነኮሳቱ ጋር በቆዳ በተለበጠች ጀልባ አትላንቲክ ላይ ለዓመታት ተንከራቶ ለቅዱሳን የተሰጠችውን ምድር አገኘ የሚለው የላቲን ድርሳን በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ እየተገለበጠ በብዙ አገር ተነቧል። ተረት ነው ብለው ለሚያልፉት ሰዎች ቲም ሴቨሪን የተባለ ጸሐፊ በ1976 የበሬ ቆዳ ጀልባ አሠርቶ ከአየርላንድ ተነሣና በማግሥቱ ዓመት ሰሜን አሜሪካ፣ ኒውፋውንድላንድ ገባ። ይህ ብሬንዳን አሜሪካን መርገጡን አያስረዳም፤ በዚያ ዓይነት ጀልባ መድረስ እንደሚቻል ግን አሳይቷል። ብሬንዳን ራሱ በ577 ገደማ ሲያርፍ የተቀበረው እዚሁ ክሎንፈርት ነው ይባላል።

ሻነን ያኔ ዋና ጎዳና ነበር። ምእመኑንና ነጋዴውን ያመጣ ወንዝ ቫይኪንጎችንም አመጣ፤ ገዳሙ ደጋግሞ ተቃጠለ። ዛሬ የሚታየው ሕንፃ መሠረቱ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1179 እዚህ ትልቅ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ተደርጓል፤ ሰው ሁሉ የሚመጣለት የምዕራቡ በርም የዚያው ሰሞን ሥራ እንደሆነ ይገመታል።

ይህ በር የቤተ መንግሥት መግቢያ ጭቃ ቤት ላይ የተገጠመ ያህል ነው። ስድስት ቅስቶች አንዱ በሌላው ውስጥ እየጠበቡ ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ። ጎንና ጎኑ ያሉት ዓምዶች ቀጥ ብለው አልቆሙም፤ ሽቅብ ሲወጡ እርስ በርስ ይቀራረባሉ። የአየርላንድ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያኖች በሮች እንዲህ ነበሩና ግንበኛው ሮማነስክ የተባለውን የአውሮፓ ስልት ተቀብሎ የአገሩን ልማድ ግን አልጣለም። ጠራቢው አንድ ጋት ባዶ ቦታ መተው አልወደደም። የዓምዶቹ ገላ በሐረግና በሽንትር ተሞልቷል፤ ጫፋቸው ላይ የእንስሳት ራሶች አሉ፤ ከቅስቶቹ በአንዱ ዙሪያ ደግሞ አውሬዎች የድንጋዩን ጠርዝ በአፋቸው ነክሰው ይዘዋል።

ከቅስቶቹ በላይ ሹል ሦስት ማዕዘን ተነሥቷል። በታችኛው ረድፍ ትናንሽ ቅስቶች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ሥር የሰው ራስ አለ። ከዚያ በላይ ያለው ገጽ እንደ ዳማ ገበታ በትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች ተከፋፍሎ ከየመካከሉ ሌሎች ራሶች ብቅ ይላሉ። ራስ ለምን? ከክርስትና በፊት የአገሩ ነዋሪ የነበሩት ኬልቶች ለሰው ራስ የነበራቸው አምልኮ ቅሪት ነው የሚሉ አሉ። ለእኔ ይህ የችኮላ ድምዳሜ ነው፤ በዘመኑ የፈረንሳይና የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያኖችም ላይ የሰው ራስ ሞልቷልና።

ውስጡ ጭር ያለ ነው። መቅደሱን ከምእመናኑ ስፍራ የሚለየው ቅስት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሲሠራ መላእክት ተቀርጸውበታል፤ ከእነሱ ጋር ደግሞ ከወገቧ በላይ ሴት፣ ከወገቧ በታች ዓሣ የሆነች አንዲት መስተዋት ይዛ ትታያለች። ቄሱ ፊት መስተዋት የምታይ የባሕር ሴት! የከንቱ ውበት ማስጠንቀቂያ ይሏታል፤ በመርከበኛ ቅዱስ ቤት ግን እንግዳ አትመስልም። ከፕሮቴስታንት ተሐድሶ ወዲህ ካቴድራሉ የአንግሊካኖች ሆኗል።

አጠገቡ ፍርስራሹ የቀረው የጳጳሳት መኖሪያ የመጨረሻው ነዋሪ ኦስዋልድ ሞስሊ ነበር። ሙሶሊኒ በ1935 ኢትዮጵያን ሲወር እንግሊዝ በጣሊያን ላይ ማዕቀብ እንዳትጥል የቀሰቀሰው የእንግሊዝ ፋሺስቶች መሪ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሰው ሲሸሸው እዚህ መጥቶ ተቀመጠ፤ ቤቱም በ1954 ተቃጠለ።

በሩ ግን ሌላ ጠላት አለበት። የተጠረበው ከአሸዋ ድንጋይ ነው፤ ለመሮው ገር ስለሆነ ያን ሁሉ ሐረግ ማውጣት የተቻለው በዚሁ ምክንያት ነው። ፊቱም ወደ ምዕራብ ነው፤ የአትላንቲክ ዝናብ የሚመጣው ከዚያ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከውስጥ በኩል የተጨመረለት የኖራ ድንጋይ መቃን ጠንካራ ነው፤ በዙሪያው ያሉት ቅርጾች ግን እየተላጡ ሄደዋል። የዓለም ሐውልቶች ፈንድ በ2000 ክሎንፈርትን አደጋ ላይ ካሉ መቶ ቅርሶች መካከል የመዘገበው ለዚህ ነው።