እንደራሴው የማን ነው?

«እንደራሴ» የሚለው ቃል ሲተነተን «እንደ ራሴ» ማለት ነው፤ ይኸውም አንድ ሰው እርሱ በማይገኝበት ቦታ እንደ ራሱ ሆኖ እንዲናገርለትና እንዲወስንለት የሚሾመው ሌላ ሰው ነው። ቃሉ ዛሬ የሕዝብ ተወካይን ለመጥራት ቢያገለግልም፣ በታሪኩ ግን «እንደ ራሴ» ብሎ ሿሚው ሕዝብ ሳይሆን ዘውድ ነበር። ራስ ተፈሪ መኰንን በ1909 ዓ.ም. አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ የተባሉት በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ነው፤ ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር በነበረችበት ጊዜም አስመራ ላይ የተቀመጡት አንዳርጋቸው መሳይ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ይባሉ ነበር። ዜጎች ስለ ፓርላማና ስለ ምርጫ የሚሰነዝሩት አስተያየት፣ ቅሬታውም ተስፋውም፣ ሥሩ ሲቆፈር የሚገኘው ይኸው ጥያቄ ነው፤ የምክር ቤት ወንበር የያዘው ሰው እንደ ማን ሆኖ ነው የሚናገረው?

በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ የተባሉ ሁለት ምክር ቤቶችን ሲያቋቁም፣ የመምሪያው አባላት ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በመኳንንቱና በየአገሩ ሹማምንት እንዲመረጡ ስለ ደነገገ፣ አባሉ የማን እንደሆነ አያጠያይቅም ነበር። የተሻሻለው የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ለሕዝብ የመምረጥ መብት ሰጥቶ በ1949 ዓ.ም. የመጀመሪያው ምርጫ ቢካሄድም፣ የፖለቲካ ፓርቲ በሌለበትና ተወዳዳሪው በምርጫ ክልሉ ንብረት ያለው እንዲሆን በሚጠየቅበት ሥርዓት ጭሰኛው ድምፅ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ለባለ መሬት ነበር። የዚህ ውጤት በአንድ ጉዳይ ላይ ቁልጭ ብሎ ታይቷል። የጭሰኛውንና የባለ መሬቱን ግንኙነት ለማስተካከል የቀረበው ረቂቅ ሕግ፣ መንግሥት ራሱ ያመነጨው ሆኖ ሳለ፣ በምክር ቤቱ ሲጓተት ቆይቶ ሳይጸድቅ የ1966ቱ አብዮት ደረሰ። ተመራጮቹ ከመራጮቻቸው ይልቅ ለርስታቸው እንደራሴ ሆነው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዚያ በኋላ በ1979 ዓ.ም. የተመረጠው 835 መቀመጫ ያለው ብሔራዊ ሸንጎ በአንድ ፓርቲ ሥር የተዋቀረ በመሆኑ ለዚህ ጥያቄ የጨመረው ነገር የለም፤ ስሙ ግን ከጥንቱ የአገር ሽማግሌዎች ሸንጎ የተወሰደ መሆኑ ሳያስገርም አያልፍም።

አሁን በሥራ ላይ ያለው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ለጥያቄው በጽሑፍ የሰጠው መልስ ግልጽ ነው። በአንቀጽ 54 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል የመላው ሕዝብ ተወካይ ሲሆን፣ ተገዥነቱም ለሦስት ነገሮች፣ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው፣ ብቻ ነው። ከሦስቱ ውስጥ ፓርቲ የለም። በተግባር ግን ተወዳዳሪውን የሚያቀርበው ፓርቲ ነው፤ የምረጡኝ ዘመቻውን የሚሸፍነው ፓርቲ ነው፤ መራጩም በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ከሰውየው ስም ይልቅ በዓይኑ የሚፈልገው የፓርቲውን መወዳደሪያ ምልክት ነው። በመሆኑም ብዙ ሰው ማንን እንደመረጠ ሲጠየቅ «ንብን»፣ «ሁለት ጣትን» ወይም «አምፖልን» ብሎ ይመልሳል፤ ይህ አነጋገር የመራጩ አላዋቂነት ምልክት ሳይሆን ሥርዓቱ በእርግጥ እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ቃል የሚገልጽ ትክክለኛ ትንታኔ ነው።

በዚህ ላይ የሚታከለው የድምፅ አቆጣጠሩ ነው። ምክር ቤቱ 547 መቀመጫዎች ያሉት ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ የምርጫ ክልል አንድ ወንበር ስለሚመደብ ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘው ወንበሩን ብቻውን ይወስዳል፤ ይህም የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ይባላል። ከመቶ መራጮች 40ው ለአንዱ፣ 35ቱ ለሌላው፣ 25ቱ ለሦስተኛው ቢሰጡ፣ 60ዎቹ ያልመረጡት ሰው የመቶዎቹም እንደራሴ ይሆናል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ የድምፅ ትንሽ መንሸራተት የወንበር ትልቅ መናድ ሊያስከትል ስለሚችል፣ የወንበሮችን ብዛት የሕዝብ አስተያየት መለኪያ አድርጎ መውሰድ ያሳስታል። አዲስ አበባ ለዚህ ምሳሌ ትሆናለች። በግንቦት 1997 ዓ.ም. የከተማዋን 23 የፓርላማ ወንበሮች ተቃዋሚዎች ጠቅልለው ሲወስዱ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ 22ቱን የወቅቱ ገዥ ግንባር ኢሕአዴግ መልሶ ወሰዳቸው። የከተማዋ ሕዝብ ልብ በአምስት ዓመት ውስጥ ከጫፍ ወደ ጫፍ ተገለበጠ ብሎ የሚያምን ቢኖር ጥቂት ነው፤ በመካከሉ የሆነው ነገር ከአቆጣጠሩ በላይ ብዙ ነበር።

በ1997 ምርጫ ክርክሮች በቴሌቪዥንና በሬዲዮ በቀጥታ ሲተላለፉ፣ የፖለቲካ ወሬ ከሻይ ቤት እስከ ታክሲ ዘልቆ ነበር። በመጨረሻው ውጤት ኢሕአዴግ 327፣ ከተቃዋሚ ጥምረቶቹ ደግሞ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 ወንበሮችን እንዳገኙ ቢገለጽም ተቃዋሚዎቹ ውጤቱን አልተቀበሉም፤ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. የተነሡት ተቃውሞዎችም በጸጥታ ኃይሎች ጥይት በርካታ ሰዎች ሞተውባቸው ተዳፈኑ። ያኔ ሕዝቡን የከፈለው «ፓርላማ ይግቡ ወይስ አይግቡ» የሚለው ክርክር ዛሬም አልበረደም። አንዱ ወገን በጥቂት ወንበርም ቢሆን ገብቶ መጠየቅ ይሻላል ሲል፣ ሌላው መግባት ለማያምኑበት ውጤት ማኅተም መስጠት ነው ይል ነበር። በ2002 ዓ.ም. ከ547 ወንበሮች ኢሕአዴግና አጋሮቹ 545ቱን ወሰዱ፤ ከተቃዋሚዎች የገባው የመድረክ ተወዳዳሪ አቶ ግርማ ሰይፉ ብቻ ሲሆን፣ አንድ የግል ተመራጭም ነበር። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ አንድም ወንበር ሳይቀር ሁሉም በገዥው ግንባርና በአጋሮቹ ተያዘ። የዚያ ምክር ቤት የሥራ ዘመን በተከፈተ በሁለት ወር ውስጥ፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም.፣ በኦሮሚያ የተቃውሞ ሰልፎች ተቀሰቀሱ፤ ቀጥሎም ወደ አማራ ክልል ተዛመቱ። መቶ በመቶ የተመረጠ ምክር ቤትና መንገድ የዘጋ ሕዝብ በአንድ አገር፣ በአንድ ዓመት መታየታቸው፣ አዳራሹ ውስጥ መናገሪያ ያጣ አስተያየት እንደማይጠፋና አደባባይ እንደሚወጣ ያስረዳል።

ይሁን እንጂ በዚያው ምክር ቤት ውስጥ የተፈጸመ አንድ ነገር ከሚገባው በታች ነው የሚታወሰው። ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ በየካቲት 2010 ዓ.ም. ሥልጣን ለመልቀቅ ከጠየቁ በኋላ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለምክር ቤቱ ቀረበ። ሕገ መንግሥቱ ለእንዲህ ዓይነቱ አዋጅ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ድጋፍ ያስፈልጋል ይላል። የካቲት 23 ቀን በተሰጠው ድምፅ በመጀመሪያ የደገፉት 346 ናቸው ተብሎ ተነገረ፤ በወቅቱ ከነበሩት 539 አባላት ሁለት ሦስተኛው 360 ገደማ ስለሆነ፣ ይህ ቁጥር ከሚፈለገው በታች ነበር። በኋላ ቁጥሩ በስሕተት የተነገረ ነው ተብሎ 395 ድጋፍ፣ 88 ተቃውሞ፣ 7 ድምፀ ተዓቅቦ ሆኖ ታረመ። የሕዝቡ ትኩረት ያረፈው በእርማቱ ላይ ነበር፤ ጥርጣሬውም ምክንያት አልነበረውም ለማለት አይቻልም። የበለጠ ሊያስደንቅ የሚገባው ግን በታረመው ቁጥር ውስጥ ያለው 88 ነው። አንድም የተቃዋሚ ፓርቲ አባል በሌለበት አዳራሽ፣ «እጅ አውጪ» እየተባሉ ሲታሙ ከኖሩት አባላት መካከል 88ቱ ፓርቲያቸው የሚመራው መንግሥት ያመጣውን አዋጅ በይፋ ተቃወሙ። ውጭ ያለው ተቃውሞ ሲበረታ የመራጩ ድምፅ በፓርቲ ግድግዳ ውስጥ እንኳ ስንጥቅ ፈልጎ ሊገባ መቻሉን ያሳየ ዕለት ነበር።

ሌላው ዜጎች ደጋግመው የሚያነሡት ቃል «ተጠያቂነት» ነው። ቃሉ ከ«ጠየቀ» የተገኘ ሲሆን፣ በቀድሞው የሙግት ሥርዓት ተሟጋቾች «ተጠየቅ» እየተባባሉ በአደባባይ ይሟገቱ እንደነበር ለሚያስታውስ አንባቢ ባዕድ አይደለም፤ የተጠየቀ ሰው ባለበት ቆሞ የመመለስ ግዴታ ነበረበት። በዘመናዊው ትርጉም ተጠያቂነት ማለት ሥልጣን የያዘ አካል ስለ ሥራው ማብራሪያ እንዲሰጥ መገደዱና መልሱ ካላረካ የሚከተለው ቅጣት ወይም ሽረት ነው። ሕገ መንግሥቱ ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ እንዲጠይቅ ሥልጣን ስለሰጠው፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚቀርቡባቸው ስብሰባዎች በቴሌቪዥን በሰፊው ይታያሉ። በእነዚህ ስብሰባዎች ላይ የሚሰማው ትችት የትርጉሙን ሁለተኛ ክፍል የሚመለከት ነው፤ ጥያቄዎቹ አስቀድመው በጅምላ ቀርበው መልሱ ለሰዓታት በአንድነት ሲሰጥ፣ ጠያቂው «መልሱ አላረካኝም» የሚልበት ዙር ይጠባል።

ብዙም ካሜራ የማይደርስበት የኮሚቴ ሥራ በአንጻሩ የበለጠ ጥርስ ሊኖረው ይችላል። የፌዴራል ዋና ኦዲተር የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ መርምሮ በየዓመቱ ለምክር ቤቱ ያቀርባል፤ በወቅቱ ያልተወራረደ ሒሳብና ከደንብ ውጭ የተፈጸመ ግዢ ከሪፖርቱ ጠፍተው አያውቁም። ይህን ተከታትሎ ኃላፊዎችን የሚያፋጥጠው የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ሲሆን፣ ከ2013ቱ ምርጫ በኋላ ሰብሳቢነቱ ለተቃዋሚው የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ ተመራጭ ለአቶ ክርስቲያን ታደለ መሰጠቱ በጎ ልማድ ሆኖ ነበር። ሰብሳቢው በ2015 ዓ.ም. ክረምት ታስረው በ2016 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ያለመከሰስ መብታቸውን አነሣ። ያለመከሰስ መብት አንድ አባል እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ እንዳይያዝና እንዳይከሰስ የሚከላከል ጥበቃ ነው፤ የተሰጠውም ለአባሉ ክብር ተብሎ ሳይሆን የላኩት ሰዎች ጥያቄ በመንገድ እንዳይቀር ነው።

በየምርጫ ክልሉ በሚደረጉ የመራጮች ውይይቶች ላይ ጎልቶ የሚሰማው ሌላ ዓይነት አቤቱታ ነው። መራጩ የሚጠይቀው ስለ መንገድ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ መብራትና ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ሲሆን፣ ከእነዚህ አብዛኞቹ በክልሉ ወይም በወረዳው አስተዳደር እጅ ያሉ ናቸው። የፌዴራሉ ተመራጭ ሕግ የማውጣትና የመቆጣጠር እንጂ ጉድጓድ የማስቆፈር ሥልጣን የለውም፤ ስለዚህ ወይ ጉዳይ አስፈጻሚ ሆኖ በየቢሮው ይንከራተታል፣ ወይም ጥያቄውን መዝግቦ ይሄዳል። «ከተመረጠ በኋላ ዓይኑን አላየነውም» የሚለው ወቀሳ ከፊሉ የሰውየው ስንፍና፣ ከፊሉ ደግሞ የሥራ ክፍፍሉን ያለማወቅ ውጤት ነው፤ ሕግ ማውጣትና መቆጣጠር ለመራጩ ኑሮ ያላቸውን ትርጉም ማስረዳት ግን የተመራጩ ፈንታ ነው።

ይህን ፈንታውን ያልተወጣ ተመራጭ የምርጫ ዘመኑ ሳያልቅ ማውረድ ይቻላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 እና በአንቀጽ 54 ሕዝብ አመኔታ ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ሊያነሣ እንደሚችል ይደነግጋል። ሐሳቡ ከውጭ የመጣ ብቻ አይደለም፤ በኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከመተላለፉም በላይ፣ ያጠፋ መሪ ከዘመኑ አስቀድሞ የሚሻርበት ደንብ አለ። በፓርላማው ግን ይህ መብት ልማድ ሆኖ አልሠረጸም። በምልክት ለተመረጠ ሰው አመኔታ መንፈግ ከባድ ነው፤ ፊርማ አሰባሳቢው በቅድሚያ የተመራጩን ስም ለጎረቤቶቹ ማስተዋወቅ ይኖርበታል።